የቅዳሜ 9 ሰዓቱ ግጥሚያ ከየት መጣ?

በየቅዳሜው አመሻሽ በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች ታጭቀን ከምናያቸው የእንግሊዝ ጨዋታዎች ብዙዎቹ በለንደን ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚጀመሩ ናቸው። ለመሆኑ ለምን ቅዳሜ? ለምንስ 9 ሰዓት? ነገሩ የሚጀምረው ከስታዲየም ሳይሆን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የፋብሪካዎች ሕግ ሴቶችና ታዳጊዎች ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠሩ ከለከለ። እነርሱ ከወጡ ማሽኑ ብቻውን አይዞርምና ወንዶቹም አብረው ወጡ። ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ሙያዎችም ተዛመተ። ወዛደሩ የራሱ የሆነ ከሰዓት በኋላ አገኘ፤ ኳስም ያንን ክፍተት ሞላችው። በ1883 ሸማኔዎችና የቧንቧ ሠራተኛ ያሉበት ብላክበርን ኦሎምፒክ የመሳፍንቱ ልጆች የሚማሩበትን የኢተን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ዋንጫን ወሰደ። በ1888 የተመሠረተው ሊግ 12 ክለቦች በሙሉ ከሰሜንና ከመካከለኛው እንግሊዝ ነበሩ። ከለንደን አንድም አልነበረም።

ተመልካቹ ወንድ ብቻ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ ተጫዋቹም እንዲሁ። በታኅሣሥ 1920 በሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ የተካሄደን የሴቶች ግጥሚያ 53 ሺህ ሰው ገብቶ አይቷል። በዓመቱ የእግር ኳስ ማኅበሩ “ጨዋታው ለሴት አይሆንም” በሚል ሰበብ ሜዳዎቹን ዘጋባቸው። እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆየ።

ድሃው ተመልካች የሚያየው በደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። በ1948/49 የውድድር ዘመን ከ41 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆርጧል። ክለቦቹ ግን ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለተመልካቹ ደኅንነት ያወጡት ጥቂት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየም ፖሊስ የመውጫ በር ከፍቶ ሕዝቡን ቀድሞ ወደ ሞላው በአጥር የታጠረ መቆሚያ አስገባ። በመጨፍለቅ በደረሰባቸው ጉዳት 97 ሰዎች ሞቱ። ጥፋቱ ለዓመታት በሟቾቹና በጓደኞቻቸው ሲላከክ ኖሮ፣ ሟቾቹ ከሕግ ውጪ መገደላቸውንና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው የጁሪ አባላት የወሰኑት በ2016 ነው። ቤተሰቦቻቸው 27 ዓመት ተሟግተዋል።

አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ቴይለር ትልልቆቹ ስታዲየሞች በሙሉ መቀመጫ ብቻ እንዲሆኑ በ1990 ሐሳብ አቀረቡ። መቀመጫው ድሃውን አያስወጣም ወይ? ቴይለር በግላስጎው አይብሮክስ መቀመጫ 6 ፓውንድ፣ መቆሚያ 4 ፓውንድ መሆኑን ጠቅሰው ልዩነቱ የሚከብድ አይደለም ብለው ነበር። የዋህነት ይመስላል። በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ከሳተላይት ቴሌቪዥን ገንዘብ ጋር መጣ፤ የትኬቱም ዋጋ ሽቅብ ወጣ። በአጥር በተከፋፈለ ሥፍራ ቆሞ ማየት በሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች እንደገና የተፈቀደው በ2022 ነው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብሪታንያ የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታዎች በቀጥታ አይተላለፉም፤ ዓላማው የትንንሾቹ ክለቦች ሜዳ ባዶ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ ትኬት መግዛት ያቃተው የማንችስተር ልጅ የከተማውን ክለብ የ9 ሰዓት ጨዋታ በሬዲዮ ሲከታተል፣ የመርካቶው ደጋፊ ግን ያንኑ ጨዋታ በቀጥታ ያየዋል።