ቅንጡ የኤሌክትሪክ መኪናን በሌላ ከመቀየር በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በኢትዮጵያ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲበራከቱ ሁለት የመንግሥት ውሳኔዎች ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ባሳለፈው ውሳኔ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው ነበር። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ እንዲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው ለሚገቡት ደግሞ እንዳይከፈል ተደርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ሲወሰን፣ አዲስ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ምርጫ በአብዛኛው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዘነበለ።

በዚያን ጊዜ የተገዙት መኪኖች አሁን የተወሰኑ ዓመታት አገልግለዋል። በሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ባለንብረቶች፣ በተለይም ውድ የሆኑትን ሞዴሎች የገዙ፣ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ። መኪናው ከተገዛበት ዋጋ ወርዶ ሳለ ለሻጭ ድርጅት አስረክቦና ልዩነቱን ከፍሎ አዲስ መውሰድ ያዋጣል ወይስ ያለውን ይዞ መቆየት ይሻላል? ይህ ማብራሪያ ውሳኔውን ለመወሰን የሚረዱ ነጥቦችንና ቅያሬው የሚፈጸም ከሆነ ሊጠበቁ የሚገባቸውን የሕግ ጥንቃቄዎች ያቀርባል።

የቅንጡ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ በፍጥነት የሚወርድበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት የአዲሱ መኪና የፋብሪካ ዋጋ መቀነሱ ነው። እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 መጀመሪያ ቴስላ የመኪኖቹን ዋጋ ሲቀንስ የቻይና አምራቾችም በዋጋ ፉክክሩ ውስጥ ገብተዋል። የመኪናው ውድ ክፍል የሆነው ባትሪም ረክሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው የባትሪ አማካይ ዋጋ በ2024 ወደ 115 ዶላር ገደማ ዝቅ ብሏል። አዲሱ ሲረክስ ያገለገለው አብሮ መውረዱ አይቀርም። ኸርትዝ የተባለው የአሜሪካ የመኪና አከራይ ድርጅት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. 20,000 ያህል የኤሌክትሪክ መኪኖቹን እንደሚሸጥ ያስታወቀው ከዚሁ የዋጋ መውረድና ከጥገና ወጪ ጋር በተያያዘ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የቅንጡነቱ ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ገዥ ለስፋቱ፣ ለቆዳ ወንበሩ፣ ለትልልቅ ስክሪኖቹና ለተጨማሪ አገልግሎቶቹ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። ሁለተኛው ገዥ ግን በዋናነት የሚጠይቀው ስለ ባትሪው፣ ስለ መለዋወጫውና መኪናው በአንድ ቻርጅ ስለሚሄደው ርቀት ነው። በመሆኑም ለምቾት የተከፈለው ገንዘብ ከሁሉ ቀድሞ ይወርዳል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና የሀገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መሆናቸው ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ጂቢ/ቲ በሚባለው የቻይና መስፈርት ቻርጅ የሚደረጉ ሲሆን፣ ሶፍትዌራቸው በቻይንኛ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። በአምራቹ ሕጋዊ ወኪል በኩል ካልገቡም የፋብሪካ ዋስትናቸው እዚህ ላያገለግል ይችላል።

በብር ያልወረደ ዋጋ በእርግጥ አልወረደም ማለት አይደለም

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በ4 ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና ዛሬም በ4 ሚሊዮን ብር ቢጠየቅ፣ ባለንብረቱ ያልከሰረ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በተመሳሳይ ገንዘብ ተመሳሳይ አዲስ መኪና መግዛት ካልቻለ ልዩነቱ የዋጋ መውረድ ነው። መኪናን በመኪና ለመቀየር የሚያስብ ሰው ማነጻጸር ያለበት የዛሬውን መሸጫ ከቀድሞው መግዣ ጋር ሳይሆን ከዛሬው ምትክ ዋጋ ጋር ነው።

የታክስ ውሳኔዎችም የዋጋውን አቅጣጫ ይለውጣሉ። በአዲስ መኪና ላይ የሚከፈለው ታክስ ከፍ ሲል ቀድሞ የገባው መኪና ተፈላጊነት ይጨምራል፤ ታክሱ ሲቀንስ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ምጣኔዎቹ በየጊዜው የሚሻሻሉ በመሆኑ ከስምምነት በፊት በሥራ ላይ ያለውን ምጣኔ ከጉምሩክ ኮሚሽን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ያለፈውን ኪሳራ ከሚመጣው ወጪ መለየት

«የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» እንደሚባለው እስከ ዛሬ የወረደው ዋጋ መኪናው ቢሸጥም ባይሸጥም አይመለስም። «ብዙ ስለከሰርኩ ልያዘው» ማለትም ሆነ «ጭራሽ ሳይወድቅ ልገላገለው» ማለት ለውሳኔ በቂ ምክንያት አይሆንም። ተገቢው ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ የትኛው መንገድ ምን ያስወጣል የሚለው ነው።

ለማስረዳት ብቻ የተዘጋጀ አንድ ስሌት እንመልከት። አንድ ቤተሰብ በ5 ሚሊዮን ብር የገዛውን መኪና ሻጭ ድርጅቱ በ3.6 ሚሊዮን ብር ሊረከበው፣ 6.5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አዲስ ሞዴልም ሊሰጠው ተስማማ እንበል። ቤተሰቡ የሚጨምረው 2.9 ሚሊዮን ብር ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ አሮጌው 2.4 ሚሊዮን፣ አዲሱ ደግሞ 4.2 ሚሊዮን ብር ቢያወጡ፣ አሮጌው የሚያጣው 1.2 ሚሊዮን፣ አዲሱ የሚያጣው 2.3 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ቅያሬው በዋጋ መውረድ ብቻ ተጨማሪ 1.1 ሚሊዮን ብር አስወጣ ማለት ነው፤ ይህም በወር ሲካፈል ከ30,000 ብር ይበልጣል። የሚጨመረው ገንዘብ በ17 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 493,000 ብር ይደርሳል። በመኪናው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው የሙሉ ኢንሹራንስ ክፍያም ከፍ ይላል።

በዚሁ ስሌት መኪናው ለግለሰብ ቢሸጥ 3.9 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ ለድርጅቱ በማስረከብ የሚቀረው 300,000 ብር የምቾት ዋጋ ነው። ገዥ መፈለግን፣ የደላላ ክፍያንና የመጠበቂያ ጊዜን ስለሚያስቀር ለአንዳንዶች ተገቢ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጠኑ ሳይታወቅ መከፈል የለበትም። ለዚህም ቢያንስ ከሁለት ሻጮችና ከግለሰብ ገበያ የዋጋ ግምት መውሰድ፣ እንዲሁም የአዲሱን መኪና ዋጋ ያለ ቅያሬ ምን ያህል እንደሆነ ለብቻው መጠየቅ ይመከራል። አንዳንድ ጊዜ ለአሮጌው የሚሰጠው ከፍ ያለ ግምት በአዲሱ ላይ በተጨመረ ዋጋ ሊካካስ ይችላል።

አንድ ነጥብ በተለይ መታወስ ይኖርበታል። ሁለቱም መኪኖች የኤሌክትሪክ ከሆኑ የነዳጅ ቁጠባ ለቅያሬው ምክንያት አይሆንም፤ ቁጠባው በያዙት መኪናም እየተገኘ ነውና። ወደ ነዳጅ መኪና ለመመለስ የሚያስቡ ደግሞ የዕለት ወጪውን ማስላት ይኖርባቸዋል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብር ያለፈ በመሆኑ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ መኪና ለዚሁ ርቀት ከ1,000 ብር በላይ ይጠይቃል። 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚወስድ የኤሌክትሪክ መኪና ግን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 10 ብር ነው ተብሎ ቢታሰብ እንኳ 200 ብር ይበቃዋል።

የባትሪው ሁኔታ

የመኪናውን ቀሪ ዋጋ በዋናነት የሚወስነው ባትሪው ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ አቅሙ ከመጀመሪያው 70 በመቶ በታች እንደማይወርድ ያረጋግጣሉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ብዙ ጊዜ ቻርጅ መደረግን በመቋቋም ይታወቃል። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ዓይነት ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት ብዙ ኃይል ቢይዝም፣ ለዕለት አገልግሎት እስከ 80 በመቶ ብቻ ቻርጅ ቢደረግ ዕድሜው ይረዝማል።

ስለዚህ ለድርድር ከመቅረብ በፊት በምርመራ መሣሪያ የተወሰደ የባትሪ ጤንነት ውጤት በጽሑፍ መያዝ ጠቃሚ ነው። ማስረጃ የሌለው ባለንብረት የሻጩን ግምት ለመቀበል ይገደዳል። ማስረጃ ያለው ግን የባትሪው አቅም 90 በመቶ መሆኑን አሳይቶ ይከራከራል።

የአጠቃቀም ሁኔታ በሐዋሳ

በመሃል ከተማ፣ በፒያሳ፣ በአቶቴና በሐይቅ ዳር መካከል የሚደረግ የዕለት ምልልስ አጭር ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ቤተሰብ የባትሪው አቅም በአሥር በመቶ መቀነሱ በኑሮው ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም አይደለም፤ ማታ በቤት ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ይበቃል።

በተደጋጋሚ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን ሁኔታው ይለያል። ርቀቱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው ሐዋሳ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ የሚወስድ ነው። ዳገቱ፣ ከባቱ ወደ ሞጆ ባለው የፍጥነት መንገድ ላይ የሚነዳበት ፍጥነትና የተሳፋሪው ብዛት ባትሪውን ይቀንሳሉ። መኪናው ይህን ጉዞ ያለ ስጋት መጨረስ ካቃተውና በመንገድ ላይ ለመኪናው የሚስማማ ቻርጀር ማግኘት አስቸጋሪ ከሆነ፣ የቅያሬ ሐሳብ እውነተኛ ምክንያት አግኝቷል ማለት ነው።

ቅያሬው ሲፈጸም ሊደረጉ የሚገባቸው የሕግ ጥንቃቄዎች

መኪናን ልዩነት ከፍሎ መቀየር በሕግ ፊት ሁለት የባለቤትነት ዝውውር ነው። አሮጌው ከባለንብረቱ ስም ይወጣል፤ አዲሱም በስሙ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ተዘንግቶ ሁለተኛው ብቻ የሚፈጸምበት አጋጣሚ ስላለ የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

1. መኪናውን በውክልና ብቻ አስረክቦ መሄድ አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ሊብሬው በቀድሞው ባለንብረት ስም እስካለ ድረስ መኪናው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ለሚያደርሰው አደጋ ክስ ሊቀርብበት ይችላል።

2. ውሉ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ሊረጋገጥ ይገባል። በውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የባትሪው ሁኔታ፣ የርክክቡ ቀንና ሰዓት፣ የስም ማዛወሪያ ወጪውንና የቴምብር ቀረጡን የሚከፍለው ወገን ማንነት በግልጽ ይጻፋል።

3. የትዳር አጋር ካለ ስምምነቱ አስቀድሞ ሊገኝ ይገባል። መኪና የጋራ ሀብት በሆነ ጊዜ ያለ ሌላኛው ተጋቢ ፈቃድ የተደረገ ሽያጭ ወይም ልውውጥ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ያላገባ ሰው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል።

4. በባንክ ብድር የተያዘ መኪና እገዳው ሳይነሣ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪናም የጉምሩክ ግዴታው ሳይጠናቀቅ ለሌላ ሰው ሊዛወር አይችልም።

5. ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራና የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን የታደሱ፣ የትራፊክ ቅጣትም ካለ የተከፈለ መሆን አለበት።

6. በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛው ዋጋ ይሁን። ክፍያ ለመቀነስ ሲባል ዝቅ ተደርጎ የተጻፈ ዋጋ በሕግ ከማስጠየቁ በላይ፣ ውሉ ቢፈርስ ባለንብረቱ የከፈለውን ሙሉ ገንዘብ ለማስመለስ ማስረጃ ያሳጣዋል።

7. አዲሱ መኪና ከመረከቡ በፊት ይመርመር። ሕጉ ገዥ ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጭ እንዲያስታውቅ ስለሚጠይቅ፣ ዝምታ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

በማጠቃለል

ባትሪው በመልካም ሁኔታ ላይ ከሆነ፣ ዕዳ ከሌለበትና አብዛኛው ጉዞ በከተማ ውስጥ ከሆነ መኪናውን ይዞ መቆየት በገንዘብ ረገድ የተሻለ ነው። ከፍተኛው የዋጋ መውረድ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በመሆኑ፣ ያንን ጊዜ ያለፈ መኪና በቀሪ ዕድሜው የሚያጣው ያንሳል። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ያንኑ ጊዜ እንደገና ይጀምራል። በሌላ በኩል የባትሪው አቅም ለቤተሰቡ ጉዞ የማይበቃ ከሆነ፣ መለዋወጫና ጠጋኝ ካልተገኘ ወይም የቤተሰቡ ፍላጎት ከተለወጠ ቅያሬ ተገቢ ይሆናል። በዚህ ጊዜም በሀገር ውስጥ ወኪል፣ ጥገናና የጽሑፍ ዋስትና ያለውን ሞዴል መምረጥ ቀጣዩን የዋጋ መውረድ ለመቀነስ ይረዳል።

ባለንብረቶች ከመዋዋላቸው በፊት የመኪናቸው መረጃ ትክክለኛ መሆኑንና እገዳ የሌለበት መሆኑን ፋይሉ ከሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ከቀረጥ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ካላቸው ደግሞ ከጉምሩክ ኮሚሽን ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ማረጋገጥ ይችላሉ። ሲቀርቡም ሊብሬውን፣ የታደሰ መታወቂያና የመድን ሰነዱን መያዝ ይኖርባቸዋል።