ትንፋሹ በፓስካል የሚለካ ማሽን

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሉማሜ ላይ የታሸገ ውሃ ገዝቶ ግማሹን ጠጥቶ ክዳኑን አጥብቆ ቢዘጋው፣ አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃን ሲወርድ የፕላስቲኩ ጎን ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ማንም አልረገጠውም፤ የጨመቀው አየር ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ተዘግቶ የቀረው የደጋ አየር ነው፤ ዓባይ ድልድይ አጠገብ የሚጠብቀው ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ተጨማሪ አየር የተጫነው የቆላ አየር። ደብረ ማርቆስ 2446 ሜትር ላይ ናት፤ ሉማሜም በዚያው ደጋ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ ወደ 90 ይጠጋል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ይደርሳል።

በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ምክንያት ሥራው የሚቃናለት ወይም የሚበላሽበት ባለሙያ አለ፤ ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን ትልቅ የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ማሽን የሚተክለውና የሚጠግነው ቴክኒሽያን። ማሽኑ በመርከብ ጅቡቲ ይወርዳል፣ በከባድ መኪና ደጋ ይወጣል። የፋብሪካው ሰንጠረዥ ግን እዚያው ወደቡ ላይ እንደቀረ ነው፤ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በቀር የሚያሰላው በባሕር ጠለል አየር ነው።

የአዋበል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሉማሜ እርግጥ ማታ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ እንጂ ማቀዝቀዣ የሚያስመኝ ሙቀት የላትም። ማሽኑን የለመደችው አዲስ አበባ ናት፤ እሷም ብትሆን 2355 ሜትር ላይ ናትና የአየሩ ጣጣ አንድ ነው። ደጋም ቢሆን ቤት ውስጥ ይሞቃል። ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው መቶ ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ መስታወት በለበሰ አዳራሽ ውስጥ አምስት መቶ ሰው ቢሰበሰብ ሃምሳ ኪሎ ዋት ማሞቂያ እንደመለኮስ ነው። ጎጃም ውስጥም ትልቅ አዳራሽ፣ ላቦራቶሪ ወይም ኦፕሬሽን ክፍል ሲሠራ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም።

ማሽኑ ሲታይ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ከአዳራሹ የሚመለሰው አየርና ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር መግቢያው ላይ ይቀላቀላሉ፤ ፊልተሩን ያልፋሉ፤ የማቀዝቀዣ ጋዝ በሚዞርበት ኮይል ክንፎች መካከል ይሾልካሉ፤ ፋኑ ስቧቸው በዳክት (በአየር ማስተላለፊያ ቦይ) ወደ አዳራሹ ይገፋቸዋል። ማሞቂያ ካለው የኤሌክትሪክ ሽቦው ወይም የጋዝ ምድጃው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ከፋኑ በፊት ያለው ክፍል ሁሉ የመሳብ፣ ከፋኑ በኋላ ያለው ሁሉ የመግፋት ክፍል ነው። የበር ጎማው ያረጀ ማሽን ከፋኑ በፊት ባለው ክፍተት የጣሪያውን አቧራ ይስባል፤ ከፋኑ በኋላ ባለው ደግሞ የቀዘቀዘውን አየር ለሰማይ ይሰጣል።

ስለ ግፊት ሲነሣ ሁላችንም የምናውቀው ጎሚስታውን ነው። ጌጁ ዜሮ ሲያሳይ ጎማው ውስጥ አየር የለም ማለት አይደለም፤ የውስጡ ከውጭው እኩል ሆኗል ማለት ነው። የጣሪያው ማሽን ጌጅም እንዲሁ የሚናገረው ልዩነትን ነው፤ መጠኑ ግን እጅግ ያንሳል። የከባድ መኪና ጎማ 800 ሺህ ፓስካል ያህል ይነፋል። አንድ የጣሪያ ፋን በጠቅላላው የሚፈጥረው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ፓስካል ነው። ሉማሜ ላይ ሃምሳ ሜትር ከፍታ ያለው ዳገት የወጣ ሰው 450 ፓስካል ያህል ግፊት ከላዩ ይቀንስለታል፤ አይታወቀውም። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ቁመት ስላለው በእግሩና በአናቱ መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት ብቻ 1800 ፓስካልን ያልፋል፤ 450 ፓስካል የሚፈጥር ፋን ከሚሰጠው ልዩነት አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር የሚለካው መሣሪያ ቀላል ነው። ግንበኞች ወለል ለማስተካከል ውሃ የሚሞሉበት ግልጽ ቱቦ በዩ ቅርጽ ታጥፎ ከሰሌዳ ጋር ቢታሰርና ማስመሪያ ቢለጠፍበት ማኖሜትር ይሆናል። አንዱን ጫፍ ማሽኑ ውስጥ አስገብተው ሌላውን ክፍት ቢተዉት በሁለቱ የውሃ ዓምዶች መካከል የሚታየው የከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ወደ አሥር ፓስካል ይጠጋል፤ 450 ፓስካል ማለት 46 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ማሽኖች ሰሌዳቸው ላይ በኢንች ውሃ ይጽፋሉ፤ አንድ ኢንች 249 ፓስካል ነው። ዛሬ ቴክኒሽያኑ ይዞ የሚወጣው ባለ ቀስት ክብ ጌጅ ወይም ባትሪ የሚበላ ዲጂታል ማኖሜትር ነው፤ እኔ ግን ዲጂታሉ ሲጠረጠር የሚታመነው የውሃው ቱቦ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ውሃው ባትሪ አያልቅበትም፤ ቱቦው እስካልፈሰሰና አረፋ እስካልያዘ ድረስም ዜሮው አይዛነፍም።

የመለኪያው ጫፍ ዳክት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተራ ቱቦ እንዲሁ ቢሰኩበት የሚሮጠው አየር አፉን እየመታው የተዛባ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ጫፉ ተደፍኖ በጎኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቀጭን የብረት ጫፍ ይገባል፤ አፍንጫው አየሩ ወደሚመጣበት ይዞራል። ቀዳዳ ሲበሳ ከኮይሉ ቱቦዎች መራቅ ግድ ነው፤ አንዲት የመሰርሰሪያ ስሕተት ጋዙን ሁሉ ታስወጣለች። በሩም ተዘግቶ መሆን አለበት። ከፍቶ የሚለካ ሰው የሚለካው ያንን ማሽን አይደለም፤ በሩ ሲከፈት አየሩ ሌላ መንገድ አግኝቷል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቴክኒሽያኑ ከፊልተሩ በፊት ሲለካ ከዜሮ በታች 60 ፓስካል አገኘ እንበል። ከፊልተሩ በኋላ ከዜሮ በታች 160፤ ከኮይሉ በኋላ፣ ፋኑ አፍ አጠገብ፣ ከዜሮ በታች 260። ከፋኑ በኋላ፣ ዳክቱ መጀመሪያ ላይ፣ ከዜሮ በላይ 190። ፋኑ የተሸከመው ጠቅላላ ልዩነት 260 እና 190 ተደምሮ 450 ነው። ከዚህ ውስጥ ፊልተሩ 100፣ ኮይሉ 100 ወስደዋል፤ የቀረው 250 የሕንፃው ዳክቶች፣ የመመለሻውና የመላኪያው፣ ድርሻ ነው። ፋብሪካው የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ይህን የውጭውን 250 ነው፤ ጥገና ላይ ያለ ሰው የሚፈልገው ግን እያንዳንዱን ነው።

ምክንያቱም በሽታው ያለበት ቦታ የሚታወቀው ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። የፊልተሩ ልዩነት አሻቅቦ የቀረው ሁሉ ከወረደ ፊልተሩ ታፍኗል። ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ የኮይሉ ካሻቀበ ክንፎቹ መካከል አቧራ ተጋግሯል፤ ኮይሉ እርጥብ ከሆነ ግን ትንሽ መጨመሩ ያለ ነው። ሁሉም በአንድነት ከወረዱ ፋኑ ደክሟል፤ ብዙ ጊዜ ቺንጊያው ላልቶ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይም ለሞተሩ ሦስቱን ፌዝ የሚያስገቡት ሽቦዎች ተገላብጠው ፋኑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ወደ ኋላ የሚዞር ፋን ድምፁም ነፋሱም ስላለ ማንም አይጠረጥረውም፤ ጌጁ ነው የሚያጋልጠው። ከፋኑ በኋላ ያለው ግፊት ብቻ ከፍ ካለ አዳራሹ ውስጥ ብርድ መታኝ ያለ ሰው የአየር መውጫዎቹን ዘግቶ ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠራጠረው ይህንን በቅድሚያ ነው፤ የኛ ሰው ነፋስ መታኝ ማለትን ሲያውቅበት!

ወደ ከፍታው እንመለስ። ጌጁ ደጋ ላይም አይዋሽም፤ 100 ፓስካል የትም 100 ፓስካል ነው። ችግሩ ያንን ቁጥር ወደ አየር መጠን ስንለውጠው ይመጣል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ፒቶ እ.ኤ.አ. በ1732 የሴን ወንዝን ፍጥነት ለመለካት የሠራው ቱቦ ዛሬ ዳክት ውስጥ ይገባል፤ አፉን ከፍቶ የሚመጣውን አየር የሚቀበለው ግፊት ከጎን ከሚለካው ጋር ሲነጻጸር የፍጥነቱ ግፊት ይገኛል። 25 ፓስካል ቢገኝ የባሕር ጠለል ቀመር በሰኮንድ 6.5 ሜትር ይላል። ሉማሜ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 1.2 ኪሎ ሳይሆን ወደ 0.9 ኪሎ ስለሆነ ያው 25 ፓስካል በሰኮንድ 7.5 ሜትር ነው። የ15 በመቶ ስሕተት በአንድ ቀመር።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲጂታሉ ማኖሜትር የአካባቢውን የአየር ግፊት አስገባ ሲል ቴክኒሽያኑ ስልኩን አውጥቶ የአየር ትንበያውን ያያል፤ 1020 ሄክቶ ፓስካል ይላል፤ ያንኑ ያስገባል። ያ ቁጥር ግን በየአገሩ ያለው ግፊት እርስ በርሱ እንዲነጻጸር ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የወረደ ነው። ሉማሜ ላይ በእውነት ያለው 760 ገደማ ነው። ግፊት ከከፍታ ጋር መቀነሱ አዲስ ነገር አይደለም፦ የብሌዝ ፓስካል አማች ፍሎራን ፔሪዬ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1648 የሜርኩሪ ቱቦ ይዞ ፒዩ ደ ዶም ተራራ ላይ ሲወጣ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ አይቶታል። የእኛ ደጋ ላይ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳርቻ 76 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሜርኩሪ 57 ላይ ይቆምለት ነበር።

ለሕንፃው ባለቤት ግን ከቀመሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ ነው። ፋን የሚያንቀሳቅሰው ይዘትን ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን ክብደት። በሰዓት 10 ሺህ ሜትር ኩብ የሚነፋ ፋን ጅቡቲ ላይ 12 ቶን አየር ያጓጉዛል፤ እዚህ ደጋ ላይ 9 ቶን። በተመሳሳይ የሙቀት ልዩነት ያንኑ ያህል ሙቀት ለመሸከም ወደ 13,300 ሜትር ኩብ መንፋት አለበት። በዚያው ዳክት ውስጥ ይህን ያህል ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ግፊት በሲሶ ይጨምራል፤ የፋኑ የጉልበት ፍጆታ ደግሞ በ78 በመቶ ገደማ ይንራል። በዚህ ላይ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የተመዘኑት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው፤ የሳሳው አየር ሞተሩንም በደንብ አያቀዘቅዘውም። የጋዝ ምድጃ ካለውም ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ከ600 ሜትር በላይ ሲተከል በተለምዶ ለየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 4 በመቶ ያህል ይቀነስለታል።

በተቃራኒው፣ የአየሩን ይዘት ሳይጨምር እንዳለ የተተከለ ማሽን በጌጅ ሲታይ ጤነኛ ወይም ሰነፍ መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ካታሎጉ 100 ፓስካል ይወስዳል ያለው ኮይል በዚያው ይዘት ደጋ ላይ የሚወስደው 75 ያህል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አየር አነሰ ብሎ ፋኑን ያፈጥናል። ፊልተር ላይ ቅናሹ ከዚህ ያነሰ ነው፤ በጥቃቅን ክሮች መካከል የሚያልፍ አየር ከክብደቱ ይልቅ ዝልግልግነቱ (ቪስኮሲቲው) ስለሚይዘው።

ሆስፒታል ውስጥ ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል። ኦፕሬሽን ክፍል አየሩ ወደ ውጭ እንዲገፋ፣ የሳምባ ነቀርሳ ሕመምተኛ የሚለይበት ክፍል ደግሞ ወደ ውስጥ እንዲስብ ይደረጋል። በብዙ አገር መመሪያዎች በበሩ ግራና ቀኝ የሚጠየቀው ትንሹ ልዩነት 2.5 ፓስካል ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ውሃ። ዓይን የማያየው ይህ ልዩነት በአንድ በር መገርበብ ይጠፋል። ለዚህም ይመስለኛል ንጹሕና ቀዝቃዛ አየር በነፃ በሚገኝበት ደጋ ለተራው መኝታ ክፍል ከፍ ያለ ጣሪያና ትይዩ መስኮቶች ከማንኛውም ማሽን መቅደም ያለባቸው። ማሽኑ መስኮት መክፈት ለማይቻልበት ክፍል ይቆይ።

ማሽኑ ከተተከለ ደግሞ ፊልተሩ በየሦስት ወሩ ይቀየር የሚለው ልማድ ለእኛ ወቅቶች አይመጥንም። በክረምት ዝናቡ አቧራውን ስለሚያጥበው ፊልተሩ ከቀጠሮው በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ከጥር በኋላ፣ መሬቱ ደርቆ ነፋስ ሲነሣ፣ በተለይ መንገድ እየተሠራ ከሆነ፣ በጥቂት ሳምንታት ይታፈናል። በፊልተሩ ፊትና ኋላ ሁለት ቱቦ ያለው ጌጅ በቋሚነት ቢታሰር ዘበኛውም ቢሆን ቀስቱ ቀዩ ምልክት ላይ መድረሱን አይቶ ይደውላል። ቀዩ ምልክት ብዙ ቦታ 250 ፓስካል ላይ ነው የሚደረገው፤ ለደጋ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ከጎኑ፣ በማሽኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ቀን የተለኩት አራቱ ቁጥሮች፣ ፋኑ በደቂቃ የዞረው ዙርና የቦታው ከፍታ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ ቀጣዩ ቴክኒሽያን በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው እነዚህን ነው።