የደጃፍ ጥያቄ

ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ ደኑን ለብሶ ከቆመው ከጣራ ገዳም ቁልቁል ያለው አገር ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ ደለላቸውን ያነጠፉበት የፎገራ ሜዳ ሲሆን፣ ስሙም ከሩዝና ከፎገራ ከብት ጋር ተያይዞ ይነሣል እንጂ ከደግነት ጋር ተያይዞ ሲጠና እምብዛም አይታይም። ሆኖም በዚህ ሜዳና በዙሪያው ባለው ደጋ በክፉ ቀን ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር ለየሰዉ ጠባይ ብቻ የተተወ አይደለም፤ ወግ፣ ስያሜና ያልተጻፈ ሥርዓት አለው። ከሥርዓቱ ሁሉ የሚቀድመው ደግሞ የመሸበት ሰው ሳይበላና ሳያርፍ ማንነቱ አይጠየቅም የሚለው ነው። ዛሬ የተፈተነውም ይኸው ነው።

ወጉ ጎልቶ የሚታየው በቆሎ ተማሪው ኑሮ ነው። ቆሎ ተማሪ የሚባለው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ፍለጋ ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ (የበግ ለምድ) ለብሶ፣ ቁራሽ የሚሰበስብበትን አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየኔታ ጉባኤ አጠገብ በሠራት ጎጆ የሚያድር ልጅ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘውም ቆሎ ስንቁ ስለ ሆነ ነው። ደቡብ ጎንደር ለዚህ ትምህርት አውራ አገር ናት፤ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አምባ ሁለቱም በጋይንት የሚገኙ ሲሆን (ማስመስከሪያ ማለት ተማሪው ሙያውን አጠናቆ መምህር ለመሆን የሚመሰከርለት ቦታ ነው)፣ ማኅሌቱ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርብበት አቋቋምም በደብረ ታቦር ስም የሚጠራ ስልት አለው። ቅኔን በጎጃም፣ በዋሸራ ወይም በጎንጅ የተማረ ልጅ ድጓ ፍለጋ ወደ ጋይንት ሲሻገር የዛሬው የመኪና መንገድ በፎገራዋ ከተማ በወረታ በኩል ያሳልፈዋል።

ተማሪው በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ከግእዝ ሲመለስ «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። ተማሪዎች ራሳቸው ቀፈፋ የሚሉት ይህ ልመና ከእኔ ቢጤው ልመና የሚለየው፣ ሰጪዋ የምትመግበው አንድን ረኃብተኛ ብቻ ሳይሆን ነገ ቀድሶ የሚያቆርባትን፣ ስትሞትም ፍትሐት የሚያደርስላትን ሰው መሆኑን ስለምታውቅ ነው። በጀትም መዝገብም የሌለው ይህ ትምህርት ቤት ለዘመናት የቆመው በእናቶች መሶብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም (የትምህርት ታሪካችን ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታቱ ብዙ ገጽ ሲጽፉ ለመሶቡ ባለቤቶች የተረፈው ግን አንዳንድ መስመር ነው)። ሥርዓቱን የማያውቅ ውሻ ብቻ ነውና ተማሪ ያለ ዱላ መንደር አይገባም።

ለዚህ መጣጥፍ መነሻ የሆነው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው፤ በወረታ አንዲት ባልቴት ለሁለት ቆሎ ተማሪዎች እንጀራ ከሰጡ በኋላ ከየት እንደ መጡ ጠየቋቸው፤ በመጠየቃቸውም ቀኑን ሙሉ ተጸጸቱ። «ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ» ይላሉ። «እናቴ እንግዳ ሲመጣ እግሩን ታጥባለች እንጂ አገርህ የት ነው አትልም። አሁን መስጠትም ያስፈራል፣ መንፈግም ያስፈራል።» የልጆቹን ፊት ሲያስታውሱም «አንደኛው እንጀራውን ከአኩፋዳው ሊያወጣው ምንም አልቀረው፤ ያስመለስኩት በምሕላ ነው» ብለዋል።

የባልቴቷን ጸጸት ለመረዳት አገሩ ምን እንዳሳለፈ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. በአጎራባቹ ወረዳ በሊቦ ከምከም በርትቶ የታየውና በፎገራም የተገኘው ካላዛር፣ ማለትም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጉበትና ጣፊያን አሳብጦ ካልታከመ የሚገድል በሽታ፣ መጀመሪያ ወባ እየተባለ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ነበር የታወቀው። በኋላ የተደረገ ጥናት ከቤት ውጭ ማደርንና ከግራር ሥር መተኛትን ከበሽታው ጋር አያይዞ ስላገኘ፣ ለመሸበት መንገደኛ ጣራ መስጠት ከወግም በላይ የጤና ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅሉ ደግሞ ከፍ ያለው መንደር ዝቅ ላለው መጠለያ ሆነ።

ሩዙ ራሱ የመረዳዳት አስተማሪ ነው ማለት ይቻላል። በ1970ዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ከተሳተፉበት ሙከራ ጋር ወደ ሜዳው የገባው ይህ ሰብል ከእንክርዳድና ከሣር ጋር የሚያታግል በመሆኑ ማሳው በአንድ ቤተሰብ ጉልበት ታርሞ አያልቅም፤ ስለዚህ ወንፈል፣ ማለትም ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ ተብሎ ጉልበት የሚበዳደሩበት ልማድ፣ በሜዳው ሥራ በዝቶበታል። ባለቤቱ የታመመበት ማሳ ሲታረም ግን ብድሩ አይቆጠርም፤ የሚሠራውም በደቦ ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲደርስ የተፈናቃይ መንገድ ሆነ፤ ያን ጊዜ የመጣው እንግዳ ከየት እንደ ሸሸ ስለሚታወቅ ጥያቄው አላስፈለገም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ግን በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል የተነሣው ጠብ በገዛ መንደር ውስጥ ሆነ፤ ለማያውቁት ሰው እንጀራ መስጠት በአንዱ ወገን ዘንድ እንደ ማበር፣ በሌላው ዘንድ እንደ ጥቆማ ሊቆጠር ይችላል። የጉባኤ ቤቶቹ ተማሪዎች መንገድ እንዴት ሆነ ተብለው የተጠየቁ አንድ ኃላፊ «ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም» ብለው ዘጉ፤ በአካል ሲጠየቁም ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ባልቴቷ የራሳቸውን መላ ፈጥረዋል። «በእንተ ስማ» የሚል ድምፅ ሲሰሙ ከጓዳ አይወጡም፤ ውሻውን አስይዘው እንጀራውን በሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው እጅ ይልካሉ። «እሱ መጠየቅ ገና አልለመደም» ይላሉ።