የጀልባ ሞተር ማስነሻ ባትሪ እንዴት ይመረጣል?

በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል ታንኳ ጎን ለጎን በሞተር የሚንቀሳቀሱ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች መታየት ከጀመሩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በጀልባ የኋላ ጫፍ ላይ ከሚገጠሙት ሞተሮች መካከል አነስተኛዎቹ በገመድ ተስበው ሲነሡ፣ ጉልበታቸው ከፍ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ከባትሪ ኃይል በሚያገኝ ሞተሪኖ ይነሣሉ። ታንኳ ቀዛፊ የሚተማመነው በክንዱ ነው፤ የሞተር ጀልባ ባለቤት ግን በባትሪው። ለመሆኑ የአንድ ባትሪ ታማኝነት በምን ይታወቃል?

ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሐይቁን ውኃ ሙቀት ለመለካት ከሁለት ዓሣ አስጋሪዎች ጋር ወጥተን ነበር። መረቡ ተስቦ ካበቃ በኋላ የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ከሚል ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም። ቴስተራችንን አውጥተን ባትሪውን ብንለካው 12.5 ቮልት አነበብን፤ «ባትሪው ደኅና ነው፣ ችግሩ ከሞተሩ ነው» ስንልም ፈረድን። በዕድሜ የገፉት አስጋሪ ፈገግ ብለው «ዶክተር፣ ደኅና ከሆነ ታዲያ ለምን አያስነሣም?» አሉን። የከሰዓት በኋላው ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባዋን ማናወጥ ሲጀምር በእጃችን መልስ አልነበረም። በአንዲት መቅዘፊያ እየተፈራረቅን ጀንበር ስትጠልቅ ከዳር ደረስን። በማግስቱ በቤተ ሙከራ እንዳረጋገጥነው ጥፋቱ የባትሪው ነበር፤ ስሕተቱ ደግሞ የእኛ።

ሥራ የፈታ ባትሪ የሚደብቀው

የእርሳስና አሲድ ባትሪን እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ባለ 12 ቮልት የምንለው ባትሪ ስድስት ክፍሎች በተከታታይ የተያያዙበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል በሚገባ ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ድምሩ 12.6 ቮልት ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ባትሪ በውስጡ ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚያግድ ባሕርይ አለው። ከረንት በማይፈስበት ጊዜ ይህ ሬዚስታንስ አይታወቅም።

ሞተሪኖው 150 አምፒየር ሳበ እንበል። የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.008 ኦም የሆነ ጤነኛ ባትሪ በውስጡ የሚያስቀረው 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆነ 11.4 ቮልት ለሥራ ይተርፋል። ባረጀ ጊዜ ሬዚስታንሱ 0.03 ኦም የደረሰ ባትሪ ግን ይህንኑ ከረንት ልስጥ ቢል 4.5 ቮልት በራሱ ውስጥ ያጣል፤ የሚተርፈውም 8.1 ቮልት ነው። ሁለቱም ሥራ ፈትተው ሲለኩ ግን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያሉ። እኛን ያሞኘን ይኸው ነበር።

ጎተራው ወይስ በሩ?

ብዙ ገዢዎች የሚመለከቱት በባትሪው ላይ የተጻፈውን የአምፒየር-ሰዓት መጠን ነው። እስቲ እናስላው። 150 አምፒየር ለ3 ሴኮንድ ቢፈስ የሚወጣው 0.125 አምፒየር-ሰዓት ብቻ ነው። በአንጻሩ 2 አምፒየር የሚስብ መብራት ለ6 ሰዓት ቢበራ 12 አምፒየር-ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም ሞተሩን 96 ጊዜ ከማስነሣት ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ሞተር ለማስነሣት የሚያስፈልገው ትልቅ ጎተራ ሳይሆን ሰፊ በር መሆኑን እንረዳለን።

የማስነሻ ባትሪ ይህን ሰፊ በር የሚያገኘው ከብዙ ስስ የእርሳስ ሰሌዳዎች ነው። ለመብራት ወይም ለፀሐይ ኃይል የሚሠሩት ባትሪዎች ሰሌዳቸው ወፍራም ስለሆነ ደጋግመው ቢራቆቱም ይችላሉ፤ ስሱ ሰሌዳ ግን በዚህ አያያዝ ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ ሌሊት መብራት የሚያበራ አስጋሪ ለመብራቱ ሌላ ባትሪ ቢለይ ይበጀዋል።

በግዢ ጊዜ ምን እናስተውል?

አንደኛ፣ የሞተሩ መመሪያ የሚጠይቀውን የማስነሻ አምፒየር ማወቅ ያስፈልጋል። በባትሪዎች ላይ ሁለት ዐይነት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሆኖ፣ ለ30 ሴኮንድ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ የሚሰጠው ከረንት ነው፤ ሌላው በ0 ዲግሪ የተለካ ነው። አንዱ ባትሪ በ0 ዲግሪ ሲለካ ቁጥሩ ስለሚበልጥ፣ ሁለት ባትሪዎች የሚነጻጸሩት በአንድ ዐይነት መለኪያ ብቻ ነው። ጣና ላይ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የለም፤ የእኛን ባትሪ ይበልጥ የሚጎዳው ሙቀት ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል ተብሎ ይገመታል።

ሁለተኛ፣ የተመረተበትን ቀን መመልከት ይገባል። በመደርደሪያ ላይ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይደክማል፣ በሰሌዳዎቹም ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል። ያልተሸጠ ማለት አዲስ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ባትሪው በሸክም ይፈተን። የተለመደው ፈተና በቅዝቃዜው መለኪያ ከተጻፈው አምፒየር ግማሹን ለ15 ሴኮንድ መሳብ ነው፤ በ21 ዲግሪ አካባቢ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው አይታመንም። መሣሪያው ከሌለ፣ ጀልባዋ ከዳር ሳትለቅ ሞተሪኖው እየዞረ እያለ በቴስተር መለካት ይቻላል።

አራተኛ፣ የሞገዱን መናጥ እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራውን መምረጥና በሚገባ ማሰር ተገቢ ነው። በላላ ወይም በዛገ ማያያዣ ላይ 0.01 ኦም ቢጨመር፣ በ150 አምፒየር ጊዜ 1.5 ቮልት ይጠፋል፤ 225 ዋትም በከንቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ከአየር ጋር 4 በመቶ ያህል ሲቀላቀል ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ማስቀመጫው አየር የሚያገኝ ይሁን፤ ሲጋራም ይራቅ።

ያን ቀን ከእኛ ቴስተር ይልቅ የአስጋሪው ጥያቄ ለፊዚክስ የቀረበ ነበር። እኛ ባትሪው ምን ያህል ቮልት እንዳለው ጠየቅን፤ እርሳቸው ግን ሥራ ሲታዘዝ ምን እንደሚያደርግ ጠየቁ። ባትሪም እንደ ወዳጅ የሚታወቀው በጭንቅ ቀን ነውና፣ ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት በዳር ሆኖ መፈተን ብልኅነት ነው።