ጥፋተኛው ስም አለው

ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ታጣቂዎች በምዕራብ ወለጋ ዞን ጊምቢ ወረዳ ወደምትገኘው ቶሌ ቀበሌ ገቡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወለጋ አይረሳውም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ቃል አቀባይ ማንነታቸው ተለየ ያሏቸው ሟቾች ብቻ 338 ነበሩ። መንግሥት «ሸኔ» የሚለውንና ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራውን ቡድን ተጠያቂ አደረገ። ቡድኑ እጄ የለበትም ብሎ ጣቱን መንግሥት ባስታጠቃቸው ሚሊሻዎች ላይ ቀሰረ፤ ገለልተኛ ምርመራም ጠየቀ። ያኔ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባሽሌትም ምርመራው ሳይውል ሳያድር እንዲጀመር ጥሪ አቀረቡ።

ስለ ቶሌ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ከተገደሉት አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦችና ልጆቻቸው፣ ሙስሊሞች ነበሩ። ዜናው የቆጠራቸው በብሔራቸው፣ በአማራነታቸው ነው፤ የሞቱትም በብሔራቸው ምክንያት ስለሆነ ያ ስሕተት አይደለም። የገዳዮቹን ሃይማኖት ግን የጠየቀ ሰው አላስታውስም። የነቀምቴ ቄሶችና መጋቢዎች «ውጡና አውግዙ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አለመሆናችሁን አስመስክሩ» አልተባሉም። ደግሞም ሊባሉ አይገባም ነበር። ጫካ የገባ ታጣቂ የሠራው ግፍ እሑድ እሑድ መዝሙር በሚዘምር የሰፈር ሰው ላይ አይጻፍም።

ጥያቄዬ ይህ ፍርድ ለሙስሊሙ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋብን ነው። ወንጀለኛው ሙስሊም በሆነ ቁጥር የሰፈሩ ባለ ሱቅ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ መስጊድ ደጃፍ የተቀመጡት ሼህ ሁሉ መልስ ሰጪ ይሆናሉ። ዝም ካሉ «ለምን ዝም አሉ?» እንላለን፤ ካወገዙ «ከልባቸው ነው?» እንላለን። በወለጋ ከተሞች አከራይና ተከራይ ሲነጋገሩ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ወሬ ሲነሳ፣ «እስላም ቢሆንም ጥሩ ሰው ነው» የሚል ምስጋና እንሰማለን። ተናጋሪው ክፋት አላሰበም ይሆናል። ነገር ግን የሚመሰገነው ሰው በተፈጥሮው ተጠርጣሪ እንደሆነ፣ ደግነቱም የተለየ ማስረጃ እንደሚፈልግ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ተነግሮታል።

ይህ ጥርጣሬ የቆየ ነው። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ ተሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ የወሎው ገዢ መሐመድ አሊም ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ። የወሎ ገበሬ የግብፁን ከዲቭ ጦር አልላከም፣ አልመራም። የዘመኑ ገዢዎች ግን ከባሕር ማዶ የመጣውን ጠላትና በሜዳቸው የሚያርሰውን ዜጋ በአንድ ዓይን አዩ። እምቢ ያለው ሸፈተ፣ ተሰደደ፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉትም ተዋጉ።

ወለጋም የራሱ ትዝታ አለው። በ1881 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡትን የማህዲ ተከታዮች፣ ደርቡሾቹን፣ ራስ ጎበና ዳጬ ጉቴ ዲሊ ላይ ድል አደረጓቸው። በዚያው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ያ ዘመን «ደርቡሽ» የሚባል ፍርሃት ትቶ አለፈ። ይሁን እንጂ የሌቃ ገበያ፣ በተለይም የቢሎ ገበያ፣ የቆመው በጀበርቲ ሙስሊም ነጋዴዎች ጭምር ነበር። ወደ ጊቤና ወደ ጎጃም የሚወጣው የሲራራ ንግድ ያለ እነሱ አይንቀሳቀስም ነበር። በስተምዕራብ በቤጊ በኩልም ሙስሊም ኦሮሞዎች የወለጋ ተወላጅ ናቸው። እስልምና ወደ ወለጋ የገባው በደርቡሽ ጎራዴ ብቻ ይመስል የሚያወሩ ሰዎች የራሳቸውን አያቶች ገበያ ረስተዋል።

የቶሌዎቹን ጨምሮ ብዙዎቹን ወሎዬዎች ወደ ወለጋ ያመጣቸው ደግሞ ረሃብ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። አሶሳ፣ ቄቶ፣ አንገር ጉትን ከታወቁት ጣቢያዎች ነበሩ። ብዙው ሰፋሪ ወዶ አልመጣም፤ የአካባቢው ገበሬም መሬቱ ሲሸነሸን አልተጠየቀም። ሁለቱም የተበደሉት በአንድ መንግሥት ነው። ዕዳውን ግን እስከ ዛሬ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ ላይ በትምህርት ቤት ግቢ የተሰበሰቡት ቢያንስ 54 ሰዎች የተገደሉት፣ በሰኔ 2014 መጨረሻ ደግሞ ቄለም ወለጋ ሐዋ ገላን ላይ ሰፋሪዎች ዳግመኛ የታረዱት በዚሁ ሂሳብ ነው።

ሙስሊሙ ላይ የሚወርደው የጅምላ ክስ ከየት ጉልበት እንዳገኘ ለማየት ከነቀምቴ በበደሌ በኩል ወደ ጅማ መውረድ ይበቃል። በየካቲት 2003 ዓ.ም. አሰንዳቦና አካባቢው ላይ ቁርኣን ተዋርዷል የሚል ወሬ ተነዛና ከ50 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ሰው ሞተ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ። ከተቃጠሉት መካከል የመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች ይገኙበታልና ሐዘኑ ወለጋ ድረስ የቤት ሐዘን ነበር። ያንን ቁጣና ፍርሃት ማንም «አይገባም» ሊለው አይችልም። መንግሥት «ከዋርጃ» የሚባሉ አክራሪዎች እጅ አለበት አለ። ፍርሃቱ ግን ቤተ ክርስቲያን ባቃጠሉት ሰዎች ላይ ብቻ አልቆመም፤ ጢም ያለው ወጣት፣ ኒቃብ የለበሰች ተማሪ ሁሉ ከዋርጃ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመንግሥት ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» ብለው ተነሱ። ጥያቄያቸው ሦስት ነበር፦ የመጅሊስ፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ፣ ምርጫ ነጻ ይሁን፣ አህባሽ የተባለው አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ ትምህርት ቤት ሙስሊሙ በመረጣቸው ሰዎች ይተዳደር። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ መለስ ዜናዊ በዚያው ዓመት ለፓርላማ አርሲና ባሌ ውስጥ የአልቃይዳ ህዋስ መገኘቱን ተናገሩ። በጥር 2005 ዓ.ም. የመንግሥቱ ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተባለውን ፊልም አሳየ። በእንቅስቃሴው ሳቢያ የታሰሩት ሰዎች ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነበር። እነ አቡበከር አሕመድ፣ አሕመዲን ጀበል፣ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ በ2007 ዓ.ም. 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በኋላ በምሕረትና በይቅርታ ተፈቱ። መጅሊሱም ሰኔ 2012 ላይ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ማለትም ጥያቄ ማንሳት «ሽብር» የተባለበት ተቋም ስምንት ዓመት ቆይቶ በሕግ ታወቀ። ፊልሙን ያየው ሕዝብ ግን ይቅርታ የተጠየቀበትን ሌላ ፊልም አላየም። በየቤቱ የቀረው የመጀመሪያው ምስል ነው።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት የሚለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ 30 ያህል ክርስቲያን ወገኖቻችንን በካሜራ ፊት ገደለ። ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ከክርስቲያኑ ጋር አለቀሱ፣ መጅሊሱም አወገዘ። እንደዚያም ሆኖ «የእናንተ ሰዎች» የሚለውን ቃል የሰማ ሙስሊም ብዙ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ በአልሸባብ ጥቃት ተቆጥታ ናይሮቢ ውስጥ ሺዎችን ስታፍስ፣ በካሳራኒ ስታዲየም የታጎሩት በአብዛኛው ሶማሌ ስለሆኑ የተያዙ ሰዎች ነበሩ።

የበቀሉም መንገድ አንድ ነው። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ። ሚያዝያ 2014 ጎንደር ውስጥ በቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ቀናት ሳይቆዩ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደርን ምናልባት በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ነሐሴ 2013 ምሥራቅ ወለጋ ጊዳ ኪረሙ ውስጥ ታጣቂዎች ከ150 በላይ ሰዎችን ሲገድሉ፣ በአጸፋው ደግሞ ከ60 በላይ መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። በአጸፋው የሞቱት የመጀመሪያዎቹን የገደሉት አልነበሩም።

እኛ ወለጋዎች ይህን ነገር ከማንም የተሻለ ልናውቀው ይገባል። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተዘጋ። ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ እንኳ የምዕራብ ወለጋ እናት አዲስ አበባ ላለ ልጇ መደወል አትችልም ነበር። ጠመንጃ የያዙት ጥቂቶች ናቸው፤ የተቀጣው ሕዝቡ ነው። መታወቂያው ላይ ጊምቢ ወይም ነጆ የሚል ስለተጻፈበት ብቻ ኬላ ላይ ከመኪና ወርዶ «ሸኔ ነህ?» የተባለ ልጅ በየቤታችን አለ። ያ ልጅ ምን እንደተሰማው የምናውቅ ሰዎች፣ መርካቶ ውስጥ ወይም ነቀምቴ መናኸሪያ «አሸባሪ» ተብሎ የተቀለደበት ሙስሊም ምን እንደሚሰማው መገመት ሊከብደን አይገባም።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። ሰባኪዎች በመድረካችሁ አክራሪነትን ስታወግዙ ግፉን የሠሩትን ሰዎች በሥራቸው ጥሩ፤ «እነሱ» አትበሉ። ጋዜጠኞች፣ ፍርድ ቤት ያልጨረሰውን አትጨርሱ። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም ተጠርጣሪውን በስሙ ይክሰሱ፣ በማስረጃ ይርቱ፤ ማኅበረሰብን በምሽት ዜና አይክሰሱ። የቶሌ፣ የጋዋ ቃንቃ፣ የሐዋ ገላንና የጊዳ ኪረሙ ሟቾች ቤተሰቦች የሚገባቸው ማን እንዳዘዘና ማን እንደተኮሰ በስም የሚናገር ገለልተኛ ምርመራ ነው። ያን ሳያገኙ ኦሮሞን ሁሉ፣ አማራን ሁሉ ወይም ሙስሊምን ሁሉ መክሰስ ነፍሰ ገዳዩን በሕዝብ መሐል መደበቅ ነው።