የመሬት መንቀጥቀጥ ለምን ይነሳል? ቤትስ እንዴት ይቋቋመዋል?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በመተሐራ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ በሰነበተበት ወቅት አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እዚህም ይመጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሰሞን በየስልኩ «በዚህ ቀን ትልቁ ይመጣል» የሚል ወሬ ይናፈስ ስለነበር ብዙ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለእሷም ለወላጆችም እንዲሆን ነው።

መጀመሪያ መንስኤውን እንይ። ምድር አንድ ወጥ ትመስለናለች እንጂ ቅርፊቷ በትላልቅ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ቁራጮች የሚገናኙት አፋር ላይ ሲሆን፣ በየዓመቱ ቀስ በቀስ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ደረቅ እንጨት ስናጎብጠው ችሎ ችሎ በድንገት ቀጭ ሲል እጃችንን ይነዝረናል አይደል? አለትም እንደዚያው ነው። በአዋሽ ፈንታሌ ደግሞ ከሥር የሚገፋ ቅልጥ አለት ነበረበት። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው በመለኪያው 6 ገደማ ነበር፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ለቀዋል።

ለአገራችን ነገሩ አዲስ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በወሎና በሸዋ መካከል ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች፣ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተሰነጣጥቋል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ የተባለችው ከተማ ወድማ ሰው ሞቷል።

አሁን ዋናው ነጥብ ይህ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚገድለው መሬቱ ሳይሆን የሚወድቀው ቤት ነው። በ2002 ዓ.ም. ሄይቲ ላይ በደረሰው 7.0 ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት ቺሊ ላይ በደረሰው 8.8 የሞተው ግን ወደ 500 ሰው ነው። የቺሊው በኃይል በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱን ካመጡት ነገሮች ትልቁ የቤት አሠራር ነው፤ ቺሊዎች ሕግ አውጥተው አጠንክረው ይሠሩ ነበር።

ቤት ስንሠራ የምናስበው ከላይ የሚመጣውን ክብደት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ካብና ከባድ ጣሪያ ከሁሉ የባሱ ናቸው። በማገር የተያያዘ የጭቃ ቤት ግን ይወዛወዛል እንጂ ቶሎ አይናድም። በብሎኬት የሚሠራ ሰው ፌሮውን ከመሠረት እስከ ላይ ያያይዝ፤ ስታፋውን ያቀራርብ፤ ግድግዳውንም ከላይ ዙሪያውን በኮንክሪት ቀበቶ ይሰር። ማዕዘኑ ከተያያዘ ቤቱ እንደ ሳጥን አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ነገ አገራችን ገብተን ቤት ስንሠራ ይህን እንዳንረሳ።

እዚህ ገዳሪፍ ከስምጥ ሸለቆው ስለምንርቅ ስጋቱ ትንሽ ነው። ጨርሶ የለም ግን አይባልም፤ በግንቦት 1982 ዓ.ም. ጁባ አጠገብ ከ7 በላይ የሆነ ደርሷል። ግድግዳችን ላይ የምናየው ስንጥቅ ግን ብዙውን ጊዜ የጥቁር አፈሩ ሥራ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ምናልባት ቢደርስስ? በር አጠገብ ከሆናችሁ ወደ ሜዳ ውጡ። መውጣት ካልቻላችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ። የሣር ጎጆ ቢወድቅ ክብደቱ ቀላል ነው፤ እሳት ከያዘው ግን ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ስለዚህ መንቀጥቀጡ እንዳቆመ ምድጃውን አጥፉ። ተከታይ መንቀጥቀጥ ስለሚኖር የተሰነጠቀ ቤት ውስጥ ተመልሳችሁ አትግቡ። ቀኑን ቆርጦ የሚነግራችሁን ደግሞ አትመኑት፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ማወቅ የቻለ ሳይንቲስት እስከ ዛሬ የለም።

ለተማሪዬ የመለስኩላትም ይህንኑ ነው፦ «መቼ እንደሚመጣ አናውቅም፤ ምን ማድረግ እንዳለብን ግን እናውቃለን።»