አውጪ ያለ ተቀባይ

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ስጓዝ አንድ ወጣት ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው ከሃያ የሚያልፍ አይመስልም። በጋቢ የተጠቀለለ ዕቃ እንደ ሕፃን ልጅ ታቅፏል። የጉናን ተራራ በስተቀኝ እያየን ስንሄድ ብርዱ ስለ ጠና፤ «ጋቢውን ለራስህ ብትለብሰው አይሻልም?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ፈገግ አለና የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ክራር ነበር።

«የሸፈንኩት ብርዱን ፈርቼ አይደለም፤ ወንድሜ። የአገሬ ሰው አይቶ ለአባቴ እንዳይነግርብኝ ነው» አለኝ።

አባቱ ደግ ገበሬ ናቸው፤ ነገር ግን የዘፈን ነገር ሲነሣ «እኛ ቤት አዝማሪ መቼ ተወልዶ ያውቃል!» እያሉ ይቆጣሉ። ልጁ ግን ግጥሙን ራሱ ይገጥማል፤ ዜማውንም ራሱ ያወጣል። ከእስቴ ዋሽንት የሚነፋ፤ ከስማዳ ደግሞ ከበሮ የሚመታ ጓደኛ አግኝቷል። ሦስቱም ባንድ ለማቋቋም ያስባሉ። በጋዜጣ ላይ የምጽፍ መሆኔን በሰማ ጊዜ፤ «ለመሆኑ ባንድ በምን ይቆማል? በገንዘብ ነው ወይስ በሰው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ሰዓት የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ ግን የሌሎችን ታሪክ ተከትዬ ለመመለስ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ነገር ጋይንት፤ ስማዳና እስቴ ለዘፈን እንግዳ አገሮች አይደሉም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ወይም ከጠላ ቤት ሲገባ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜም ባል ማሲንቆ ይመታል፤ ሚስት ታዜማለች። አንባቢ ልብ ቢለው እነዚህ ሁለት ሰዎች ትንሽ ባንድ ናቸው። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። ከዚህም ሌላ አዝማሪው አንድ ትልቅ ሀብት አለው፤ ይኸውም ማሲንቆው የራሱ መሆኑ ነው። እንጨቱን ጠርቦ፤ ቆዳውን ወጥሮ፤ የፈረስ ጭራውን ስቦ የሠራው ወይም ከአባቱ የወረሰው ንብረቱ ስለ ሆነ «መሣሪያዬን መልስልኝ» የሚለው ሰው የለም።

ዘመናዊው ባንድ በአገራችን የተጀመረው ግን በሌላ መንገድ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ይነፉ ጀመር። ከዚያም ወዲህ በክብር ዘበኛ፤ በጦር ሠራዊት፤ በፖሊስ ሠራዊትና በቴአትር ቤቶች የሙዚቃ ክፍሎች ተቋቋሙ። እነዚህ ክፍሎች ታላላቅ ባለሙያዎችን አፍርተዋል፤ ውለታቸውም አይካድም። ይሁን እንጂ ሳክስፎኑም፤ ፒያኖውም፤ የደንብ ልብሱም የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ዘፋኙ ከሥራው የተሰናበተ ቀን ከድምፁ በስተቀር ይዞት የሚወጣው ነገር አልነበረም።

ድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴ ያደጉት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በጅማ ተወልደው፤ በአዲስ አበባ ከተማ የአሜሪካን ፊልምና የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈን እየወደዱ አድገው፤ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ገቡ። ዝናቸውም በዚያው ተሰማ። ነገር ግን በራሳቸው መንገድ ለመሄድ የቻሉት አንድ ተቀባይ ባገኙ ጊዜ ነው። ይህም ሰው ፒያኖ ተጫዋቹ፤ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው አቶ ግርማ በየነ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ስማቸውን አጋጥመው «ዓለም-ግርማ ባንድ» አሉት። ከስሙ ብቻ እንኳ ነገሩ ይገባል፤ የአንዱ ስም የሌላውን አልዋጠም።

የዘመኑም ሁኔታ አገዛቸው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት አቶ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በድፍረት የራሳቸውን ማሳተሚያ አቋቋሙ። የመጀመሪያውንም ሸክላ የዘፈኑት ዓለማየሁ እሸቴ ናቸው። ሸክላዎቹ በመጀመሪያ የታተሙት በህንድ አገር ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ ተወልደው፤ አኮርዲዮን ያለ አስተማሪ ተምረው፤ ከክለብ ወደ ክለብ እየዞሩ ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ የምሽት ክለብ ባለቤት መሣሪያውን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ሙዚቀኛውም እንደ ቅጥር ሠራተኛ መጥቶ ይጫወትበታል። አቶ ኃይሉና ጓደኞቻቸው ግን «ዋልያስ ባንድ»ን ሲያቆሙ በራሳቸው መሣሪያ መሥራትን መረጡ። ከዚህም የተነሣ ከክለብ ባለቤት ጥገኝነት ወጥተው በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫወቱ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊ ምክንያት እንግዳው ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበር። «ጨበለው» የተባለውን ያለ ድምፃዊ የተሠራ ሸክላቸውን እ.ኤ.አ. በ1977 አወጡ።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ብቻ የሚሆን ነው የሚል ቢኖር ወደ ድሬዳዋ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ «አፍራን ቀሎ» የተባለውን የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን ያቋቋሙት የሰፈር ወጣቶች ናቸው። በሠርግ ቤት እየዘፈኑ ታወቁ። አሊ ቢራ የገቡበት በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ሲሆን፤ «ቢራ» የሚለውንም መጠሪያ ያገኙት በዚያ ከዘፈኑት የመጀመሪያ ዘፈናቸው ነው።

እስከዚህ ያልኩት ደስ የሚያሰኘውን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የልጁ አባት ሥጋትም ከንቱ አይደለም። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ አባሎቹ ተከፋፈሉ። አቶ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ፤ ከእነርሱ ጋር የሄዱት አቶ ግርማ በየነም ለብዙ ዓመታት በነዳጅ ማደያ ሠሩ። ታላላቅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሆኖም ሙያቸው ብቻውን እንጀራ አልሆነላቸውም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አልተቆረጠም። አቶ ኃይሉ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ በታክሲያቸው ኮፈን ይዘው እየዞሩ፤ ተሳፋሪ በሌለ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። የቀድሞ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። አቶ ግርማም በ2017 «አካሌ ውቤ» ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ ሸክላ ሠሩ። ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ዘፋኝ ነበሩ።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት የምመልሰው ይህን ነው። ባንድ የሚቆመው በመጀመሪያ በሰው ነው፤ እርሱም ያወጣኸውን የሚቀበል፤ ሲሳሳትም የሚታገሥ፤ ስምህን ከስሙ ጋር ለማጋጠም የማያፍር ጓደኛ ነው። ከእስቴና ከስማዳ ያገኘሃቸውን ሁለቱን አትልቀቃቸው። ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ አስቀድማችሁ የራሳችሁን መሣሪያ ግዙ፤ ከሠርግ ቤት የምታገኙትንም በግልጽ ተካፈሉ፤ ብዙ ኅብረት የፈረሰው በዜማ ሳይሆን በሒሳብ ነውና። የእጅ ሥራ ወይም ትምህርት ካለህም አትተወው፤ ክራሩን በረኀብ ቀን እንዳትሸጠው ይጠብቅልሃል።

ለአባትየውም አንድ ቃል ልጨምር። «አዝማሪ» የሚለውን ስም ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። በሠርጋችን ቀን ግን ያለ እርሱ ደስታችን አልሞላም። በልጅዎ ላይ ከመቆጣትዎ በፊት አንድ ማታ ተቀምጠው ግጥሙን ይስሙት፤ ካልጣመዎት ያን ጊዜ ይንገሩት።

አውቶቡሱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ወጣቱ ክራሩን እንደገና በጋቢ ጠቅልሎ ወረደ። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ አባቱ ጋዜጣ እንደሚያነቡ ስለ ነገረኝ ነው።